ሉዊ ሉሚየርና ፊልም የምታትመው ሣጥን

ስለ ሲኒማ በተነሣ ቁጥር ተዋናዩ ይወሳል፣ አዘጋጁ ይወሳል፣ ቢበዛ ካሜራው ይወሳል። ማተሚያው ግን አይወሳም። ይህ በእኛ አስተያየት ትልቅ ጉድለት ነው። ከካሜራ የሚወጣው ፊልም ነጋቲቭ ነው፤ ነጩ ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ነጥቶ ይታያል። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ራጅ የምናነበው በነጋቲቭነቱ ስለሆነ ነገሩ አያስቸግረን ይሆናል፤ ነገር ግን የሰው ፊት እንዲህ ተገልብጦ ለተመልካች ቢቀርብ ማን ይከታተለዋል? ስለዚህ ነጋቲቩ በሌላ ፊልም ላይ መታተም አለበት። ታትሞም አንድ ብቻ ሳይሆን አሥርና ሃያ ቅጂ መውጣት አለበት። ይህ ባይቻል ኖሮ ሲኒማ የአንድ ከተማ የአንድ ምሽት ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር።

በዚህ እትም የሕይወቱን ታሪክ የምናቀርበው ሉዊ ሉሚየር አብዛኛውን ጊዜ ከወንድሙ ከኦጉስት ጋር የሲኒማ አባት እየተባለ ይጠራል። አባትነቱን ለማን እንደሚሰጡ የሚከራከሩት ይከራከሩበት፤ እኛ እዚህ የምንመለከተው ካሜራን፣ ማተሚያንና ማሳያን በአንዲት አነስተኛ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያዋሐደውን መሐንዲስ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

ሉዊ ኦክቶበር 5 ቀን 1864 በምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በቤዛንሶን ከተማ ተወለደ። ታላቁ ኦጉስት በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። አባታቸው አንትዋን ሥዕል በመሳል ጀምሮ ወደ ፎቶግራፍ ሥራ የተሻገረ፣ ገንዘብ ከማግኘት ይልቅ ማጥፋት የሚቀናው፣ ነገር ግን አዲስ ነገር ሲያይ ዓይኑ የማይስት ሰው ነበር። በ1870 ከፕሩሲያ ጋር ጦርነት ሲነሣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሊዮን ተሰደደ። ልጆቹም እዚያ ላ ማርቲንየር በተባለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። ሉዊ በትምህርቱ ጎበዝ ቢሆንም ብርቱ ራስ ምታት ስለሚያሠቃየው ትምህርቱን እንዳሰበው ሊገፋበት አልቻለም። ቤት ውሎ በአባቱ ፎቶ ቤት ኬሚካል ሲቀምም ይውል ጀመር።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺ ማለት ላብራቶሪውን ተሸክሞ የሚዞር ሰው ማለት ነበር። መስታወቱን ራሱ ይቀባል፣ ቅቡ ሳይደርቅ ያነሣል፣ ሳይደርቅ ያጥባል። በጄላቲን የተቀባው ደረቅ ፕሌት ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀረ፤ ሆኖም ጥሩ ፕሌት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሉዊ ገና በ17 ዓመቱ ገደማ ለብርሃን ፈጣን የሆነ ጥሩ የፕሌት ቅብ አገኘ። ሰማያዊ ምልክት ተለጥፎበት የሚሸጠው ይህ ፕሌት ሞንፕሌዚር በሚባለው የሊዮን ሰፈር የተቋቋመውን የቤተሰቡን ፋብሪካ ከኪሣራ አዳነው። በ1894 ፋብሪካው 300 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ በዓመትም 15 ሚሊዮን ያህል ፕሌት ያመርት ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በኋላ የተሠራችው ሣጥን ከባዶ ሜዳ የበቀለች አይደለችም። ኬሚስት፣ መካኒክ፣ ጨለማ ክፍልና ገንዘብ በአንድ ግቢ በተሰበሰቡበት ቦታ ነው የተወለደችው። ይህ ሁሉ የሌለው ጎበዝ በዓለም ላይ ስንት አለ?

በ1894 አንትዋን ፓሪስ ውስጥ የኤዲሰንን ኪኔቶስኮፕ ተመለከተ። ይህ መሣሪያ አንድ ሰው ብቻ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳ የሚያይበት ቁም ሣጥን ነው። ፊልሙም ሳይቆም ይሮጣል። የኤዲሰን ማንሻ ካሜራ ደግሞ ሌላ ግዙፍ መሣሪያ ሲሆን ከስቱዲዮ የሚወጣ አልነበረም። አንትዋን የፊልሙን ቁራጭ ይዞ ወደ ሊዮን ተመለሰና ልጆቹ ከዚህ የተሻለ፣ ምስሉን ግድግዳ ላይ ለብዙ ሰው የሚያሳይ ነገር እንዲሠሩ ጎተጎታቸው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሐኪም ሳናነሣ ብናልፍ ለሙያችን አድልዎ አላደረጋችሁም የሚለን አይጠፋም። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤቲየን ዡል ማሬ ከሉሚየሮች ብዙ ዓመታት ቀድሞ የደም ሥር ትርታን በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ቆይቶም የሰውንና የእንስሳትን እንቅስቃሴ በፊልም ጥቅል ላይ በተከታታይ አንሥቷል። ይሁን እንጂ የማሬ ፊልም ጎንና ጎኑ ላይ ቀዳዳ አልነበረውም። በዚህም የተነሣ በምስሎቹ መካከል ያለው ርቀት አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ ይል ነበር። እንቅስቃሴን ቆራርጦ ለመመርመር ይህ ችግር አይፈጥርም፤ መልሶ ለማሳየት ግን ምስሉ ይዘላል። ማሬ የሚሻው ምርመራውን ስለነበረ በማሳየቱ ብዙም አልተጨነቀም። ሉሚየሮች የተጨነቁት ማሬ በተወው ነጥብ ላይ ነው።

የችግሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ፊልሙ ሌንሱ ፊት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ብርሃን ይገባል፤ ከዚያ መስኮቱ ይዘጋና በጨለማው ጊዜ ፊልሙ አንድ ምስል ያህል ወርዶ እንደገና ይቆማል። ይህም በሴኮንድ 16 ጊዜ መሆን አለበት። በመጀመሪያ የሞከረው ኦጉስት ነበር፤ ያሰበው ዘዴ አልሠራም። እንደሚተረከው ሉዊ አንድ ሌሊት ታምሞ እንቅልፍ አጥቶ ሳለ የልብስ ስፌት መኪና ጨርቁን እያቆመ እየገፋ የሚያሳልፍበት ዘዴ ትዝ አለው። ሁለት ሹል ጥርሶች ያሉት ሹካ በፊልሙ ግራና ቀኝ ወደተበሱት ቀዳዳዎች ይገባል፣ ፊልሙን ይዞ ይወርዳል፣ ከቀዳዳው ይወጣል፣ ባዶውን ወደ ላይ ይመለሳል። ሹካውን የሚያንቀሳቅሰው ከማዕከሉ ፈንጠር ብሎ የተተከለ ጎማ ሲሆን፣ በኋላ ሉዊ ቅርጹን ወደ ሦስት ማዕዘን አስጠግቶ አሻሻለው። ፊልሙ ከጊዜው ሁለት ሦስተኛውን ቆሞ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይንቀሳቀሳል። በሒሳብ ሲሰላ ለእያንዳንዱ ምስል በሴኮንድ አንድ ሃያ አራተኛ ያህል መቆሚያ፣ አንድ አርባ ስምንተኛ ያህል መንቀሳቀሻ ጊዜ አለው ማለት ነው። ሹካው ሲጀምርም ሲጨርስም ዝግ ብሎ መሐል ላይ ስለሚፈጥን ስስ የሆነውን ፊልም አይቀድደውም።

ንድፉን ወደ ብረት የለወጠው የፋብሪካው ዋና መካኒክ ሻርል ሟሶን ነበር። ስሙ እምብዛም ሲጠራ አይሰማም፤ እኛ እንጠራዋለን። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተደረጉት በወረቀት ጥቅል ላይ ነበር፤ የሚበራ ሴሉሎይድ በቀላሉ አይገኝም ነበርና ከአሜሪካ ተገዝቶ መጣ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1895 ፓተንቱ በሁለቱም ወንድማማቾች ስም ተመዘገበ፤ ምክንያቱም ሥራውን ማንም ይሥራው ማን ፓተንቶቻቸውን በጋራ ማስመዝገብ ልማዳቸው ነበር። ሲኒማቶግራፍ የሚለውን ስም ግን ከሉሚየሮች ቀድሞ ሌዮን ቡሊ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ በ1892 ተጠቅሞበት እንደነበር መታወቅ አለበት።

አሁን ወደ ማተሙ ሥራ እንግባ። ሣጥኗ 5 ኪሎ ግራም ያህል ብትመዝን ነው። ለማንሳት ሲፈለግ ጥሬው ፊልም ብቻ ይገባል። ለማሳየት ሲፈለግ ጀርባዋ ተከፍቶ ከኋላ መብራት ይቀርብላታል። ለማተም ሲፈለግ ደግሞ ታጥቦ የደረቀው ነጋቲቭና ያልተነካው ጥሬ ፊልም፣ የተቀባው ፊታቸው እርስ በርሱ እንዲነካካ ተደርጎ፣ ተደራርበው በአንድነት ይገባሉ፤ ነጋቲቩ በብርሃኑ በኩል፣ ጥሬው ከኋላ። ሌንሱ ይወልቃል። መስኮቷ ፀሐይ ወደመታው ነጭ ግድግዳ ትዞራለች። ከዚያ እጀታው ይዞራል። ብርሃኑ በነጋቲቩ አልፎ ጥሬው ላይ ያርፋል፤ ነጋቲቩ በጠቆረበት ቦታ ብርሃኑ ይከለከላል፣ በሳሳበት ያልፋል። ጥሬው ፊልም ሲታጠብ ትክክለኛው ምስል ይወጣል። ነጋቲቩ ከሚገባው በላይ የጠቆረ እንደሆነ እጀታውን ዘግየት አድርጎ ማዞር ነው፤ ብርሃኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይመታዋል።

የሥራው ብልህነት ያለው የት ላይ ነው? ሁለት ፊልም ተደራርቦ ሲሄድ አንዱ ከሌላው በትንሹ እንኳ ቢንሸራተት ምስሉ ይደበዝዛል ወይም ይንቀጠቀጣል። በዚህች ሣጥን ግን እነዚያው ሁለት ጥርሶች በሁለቱም ፊልሞች ቀዳዳ ውስጥ በአንድ ጊዜ ገብተው አብረው ያወርዷቸዋል። ነጋቲቩን ያነሣችው ራሷ በመሆኗም የአወራረዷ ልክ በማተሙም ጊዜ ያው ነው። ሌላም ነገር አለ። ሴሉሎይድ ታጥቦ ሲደርቅ ጥቂት ይሸማቀቃል። ስለዚህ ነጋቲቩ ከጥሬው በጥቂቱ ያጥራል። ፊልሙ ሳይቆም በሚሮጥበት ማተሚያ ይህ ልዩነት እየተጠራቀመ ይመጣል፤ እየቆመ በሚያትመው ግን በእያንዳንዱ ምስል ሒሳቡ ከዜሮ ይጀመራል። በኋላ በ1911 የቺካጎው ቤል ኤንድ ሃወል የሠራው ሳያቋርጥ የሚያትም መሣሪያ ችግሩን በሌላ መንገድ ፈታው። ፊልሞቹ በጎማ ላይ ጎበጥ ብለው ሲያልፉ ያጠረው ነጋቲቭ በውስጠኛው፣ ረዘም ያለው ጥሬ ፊልም በውጪው በኩል እንዲሆን ተደረገ። ይህም ማተሚያ በስቱዲዮዎች የሚታመን የዘወትር መሣሪያ ሆነ።

ማርች 22 ቀን 1895 ሉሚየሮች ፓሪስ ውስጥ ለኢንዱስትሪ ማበረታቻ ማኅበር ከፋብሪካቸው የሚወጡትን ሠራተኞች ፊልም አሳዩ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ፕሌቱን በጨለማ ክፍል የሚያመርቱት። ከተመልካቾቹ መካከል ዡል ካርፓንቲዬ የተባለ የፓሪስ መሣሪያ ሠሪ መሐንዲስ ነበር፤ መሣሪያውን ለማምረት ተስማማ። በዚያ ዓመት በሉዊና በካርፓንቲዬ መካከል የተጻጻፉት ደብዳቤዎች አንድ የሙከራ መሣሪያ እንዴት ለገበያ እንደሚበቃ የሚያሳዩ ናቸው። የጎማው ቅርጽ፣ የጥርሶቹ አገባብ፣ የፊልሙ ጥራት፣ የቀዳዳው አበሳስ ተራ በተራ እየተነሣ ይስተካከል ነበር። በመጀመሪያ 25፣ ቀጥሎም 200 መሣሪያዎች ታዘዙ።

የማተሚያው ጥቅም ግን ከዚያ በፊት በጁን ወር ታይቶ ነበር። የፈረንሳይ ፎቶግራፍ አንሺዎች ጉባኤ ሊዮን አጠገብ ሲደረግ፣ ሉዊ ጁን 11 ቀን ተሰብሳቢዎቹ ከጀልባ ሲወርዱ አነሣቸው። በማግስቱም አጥቦና አትሞ ለራሳቸው አሳያቸው። በአንድ ቀን! ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ደግሞ ፓሪስ በግራን ካፌ ምድር ቤት የሉሚየሮች የመጀመሪያው ባለ ክፍያ ትርዒት ተደረገ። መግቢያው 1 ፍራንክ፣ የመጣው ሰው 33 ነበር። አሥር ፊልሞች ታዩ፤ እያንዳንዱ 17 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውና 50 ሴኮንድ ያህል የሚቆይ። ሕክምና የሚማር አንባቢ ይህን ቀን በሌላ ምክንያት ያውቀዋል፤ ሮንትገን ስለ ኤክስ ሬይ የጻፈውን የመጀመሪያ ጽሑፍ ለዊርዝቡርግ የፊዚክስና የሕክምና ማኅበር ያቀረበው በዚሁ ዕለት ነው።

ከ1896 ጀምሮ የሉሚየር ሠራተኞች ሣጥናቸውን ይዘው በዓለም ዙሪያ ተበተኑ። ቀን ያነሣሉ፣ ያረፉበት ክፍል ውስጥ በባልዲ ያጥባሉ፣ ያትማሉ፣ ማታ ለዚያው ከተማ ሰው ያሳያሉ። እስክንድርያ በኖቬምበር 1896 ትርዒቱን አየች። በ1897 አሌክሳንድር ፕሮሚዮ ግብጽን፣ ኢየሩሳሌምን፣ ያፋን፣ ቤይሩትንና ደማስቆን አነሣ። ኢየሩሳሌም ከሚነሣው ባቡር ላይ ሆኖ የቀረጸው ፊልም እስከ ዛሬ አለ፤ በዚህ በመካከለኛው ምሥራቅ የምንኖር ተማሪዎች እነዚያን ጎዳናዎች በዚያ ዘመን መልካቸው ማየት የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ አገራችንም ሲኒማ የገባው ብዙ ሳይቆይ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ማሳያ ቤቱን የሰይጣን ቤት ብሎ መጥራቱን ከአባቶቻችን ያልሰማ ያለ አይመስለንም።

ስለ ደኅንነትም አንድ ቃል እንጨምር። የዚያ ዘመን ፊልም እንደ ክብሪት የሚነድ ነበር። በሉሚየር ማሳያ መብራቱና ፊልሙ መካከል ውኃ የተሞላ ብልቃጥ ይቀመጣል፤ ብርሃኑን ይሰበስባል፣ ሙቀቱን ይውጣል፤ ቢሰበር ደግሞ ብርሃኑ ስለሚበተን ፊልሙ አይነድም። በሜይ 1897 ፓሪስ ውስጥ በበጎ አድራጎት ባዛር ከ120 በላይ ሰዎችን የፈጀው ቃጠሎ የተነሣው ከሌላ ሠሪ ማሳያ መብራት ነው። የአንዳንዶቹ ሟቾች ማንነት የታወቀው በጥርሳቸው ሲሆን፣ የሕግ ሕክምና መጻሕፍት እስካሁን ይጠቅሱታል።

ሉዊ በሲኒማ ንግድ ብዙ አልቆየም። ከ1,400 በላይ ፊልሞች ካወጡ በኋላ በ1905 ገደማ ሥራውን ተዉት። የሉሚየር ፊልም ለእያንዳንዱ ምስል በግራና በቀኝ አንድ አንድ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነበረው። ገበያው ግን የኤዲሰንን አራት አራት ቀዳዳ መረጠ። የሉዊ ልብም ወደ ቀለም ፎቶግራፍ ዞሮ ነበር። በ1903 ፓተንቱ ተመዝግቦ በ1907 ለገበያ የቀረበው አውቶክሮም የተሠራው በድንች ዱቄት ነው። ብርቱካንማ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የተነከሩ ደቃቅ የስታርች ቅንጣቶች በመስታወት ላይ ይበተናሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ በጥላሸት ይደፈናል፣ ከዚያም በብርቱ ግፊት ይዳመጣሉ። የሚገርመው፣ ፊልምን ማባዛት ለዓለም ያስተማረው ሰው የሠራው ይህ የቀለም ሥዕል በቀላሉ የማይባዛ ነበር፤ እያንዳንዱ መስታወት ብቸኛ ነው።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሉዊ እጃቸውን ላጡ ወታደሮች ዕቃ መጨበጥ የሚችል ሰው ሠራሽ እጅ ነደፈ። ኦጉስት በበኩሉ ወደ ሕክምና ምርምር ገብቶ ነበር። ቁስል ላይ የማይጣበቀው ቅባት የተነከረ ሻሽ የእርሱ ሥራ ነው። በቃጠሎ ክፍል የሠራን ሁሉ ቱል ግራ የምንለውን ይህን ሻሽ ከሲኒማ ጋር አያይዘን አስበነው አናውቅም ነበር። በ1919 ሉዊ የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ብዙዎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ። ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሚጻፍ ጽሑፍ ግን ማለፍ የማይገባው ነገር አለ። ሉዊ ለሙሶሊኒ አድናቆት ነበረው። ፈረንሳይ በ1940 ከተሸነፈች በኋላም ሁለቱም ወንድማማቾች የፔታንን መንግሥት ደገፉ። ኦጉስት ከጀርመን ጎን እንዲዘምት ለተመለመለው የፈረንሳይ በጎ ፈቃደኞች ሌጌዎን ደጋፊ ኮሚቴ ውስጥ ስሙን አስገባ። በ1990ዎቹ የፈረንሳይ ባንክ የወንድማማቾቹን ምስል ባለ 200 ፍራንክ ኖት ላይ ሊያወጣ ሲል በዚህ የተነሣ ተቃውሞ ተነሥቶ በኤፌል ምስል ተተካ።

ሉሚየር ማለት በፈረንሳይኛ ብርሃን ነው። ሙሶሊኒ ከ1924 ጀምሮ ፕሮፓጋንዳውን የሚያመርትበት የፊልም ድርጅት ስሙ ሉቼ ነበር፤ እርሱም በጣሊያንኛ ብርሃን ማለት ነው። በ1935 ጦሩ አገራችንን ሲወር የሉቼ ካሜራዎች አብረው ገቡ። የተነሣው ሁሉ ታጥቦ፣ በብዛት ታትሞ፣ በጣሊያን ከተሞች ሁሉ ታየ። መንገድ ሲሠራ አሳየ፤ የመርዝ ጋዙን አላሳየም። ከእኛ መካከል በዚህ ላይ ስንወያይ ሉዊን ከነሣጥኑ መተው አለብን ያሉ ነበሩ። ሣጥኗ ምን አደረገች ያሉም ነበሩ። እኛ የምንለው፣ ሰውየው በሽምግልናው የመረጠው ወገን የኛን ወገን ሲፈጅ የነበረው መሆኑ ሳይሸፈን ይጻፍ፤ በ1895 የሠራውም ሳይቀነስ ይጻፍ ነው። አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

ሉዊ ሉሚየር ጁን 6 ቀን 1948 በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ በባንዶል አረፈ፤ 83 ዓመቱ ነበር። ኦጉስት እስከ 1954 ቆየ። ሠራተኞቹ ሲወጡ የተነሡበት የሞንፕሌዚር መጋዘን ዛሬ የሉሚየር ተቋም የሲኒማ አዳራሽ ነው። ፊልሞቹን ከጥፋት ለማዳን በአዲስ ፊልም ላይ ማተም ባስፈለገ ጊዜ ግን ያ የክብ ቀዳዳ ጉዳይ ተመልሶ መጣ። ተራው ማተሚያ ጥርሶቹ ለአራት ቀዳዳ የተሠሩ ስለሆኑ የሉሚየርን ፊልም ይበጣጥሰዋል። ስለዚህም በፓሪስ አቅራቢያ በቧ ዳርሲ በሚገኘው የፊልም ቤተ መዛግብት እያንዳንዱ ምስል እየቆመ፣ ለነዚያ ክብ ቀዳዳዎች በተስማማ መሣሪያ አንድ በአንድ ተገለበጠ። ዩኔስኮም በ2005 የሉሚየር ፊልሞችን በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ ውስጥ አስገባቸው።